ለኤሌክትሪክ መኪና የሚሸጠው የተራዘመ ዋስትና፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሲታይ

በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው መኪናውን ሳይሆን ከመኪናው ዋጋ በላይ ተጨማሪ ገንዘብ ተከፍሎበት የሚገዛውን፣ አስመጪዎች የተራዘመ ዋስትና ወይም የጥገና ወጪ ጥበቃ እያሉ የሚያቀርቡትን ውል ነው። መኪናዬ በቻይና የተመረተ፣ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄድ የቤት አውቶሞቢል ሲሆን በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከሚገኝ አስመጪ ድርጅት አዲስ ሆኖ የተገዛ ነው። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ በመሆኑ መኪናው በሥራ ቀን ሁሉ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ወደ 1,850 ሜትር አካባቢ ይወርድና ማታ ያንኑ ዳገት ይወጣል። የመጀመሪያው የሁለት ዓመት ዋስትና አብቅቶ የተራዘመው ክፍል ሥራ ላይ ከዋለ ቆይቷል፤ ስለዚህ አሁን የምጽፈው በወረቀቱ ላይ ስለተነበበው ብቻ ሳይሆን በተግባር ስለታየውም ጭምር ነው።

ጉዳዩ ዛሬ የብዙ ሰው ጉዳይ ሆኗል። መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. ካሳወቀ ወዲህ አዲስ መኪና መግዛት የሚፈልግ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ነዋሪ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ማዞሩ አይቀሬ ነው። የእኛ አካባቢ መካኒኮች ደግሞ እጃቸው የተፈታው በጃፓን ሞተሮች ላይ ነው፤ የቆየች ኮሮላ ቴስታታዋ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ቢቃጠል፣ ፍሪሲዮኗ (ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከማርሹ የሚለየው) ቢያልቅ ወይም ሞተሪኖዋ (ሞተሩን የሚያስነሣው) እምቢ ቢል ሠርቶ የሚያስረክብ ባለሙያም፣ መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅም በሁለቱም ከተሞች አይጠፋም። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ግን ከሁሉ የሚከብደው ወጪ የተከማቸው በባትሪው፣ በሞተሩና በመቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮቹ ላይ ሲሆን እነዚህን ከፍቶ የሚጠግን ጋራዥ በቅርብ ማግኘት ቀላል አይደለም። ገዢው ለዋስትና ተጨማሪ ገንዘብ እንዲከፍል የሚገፋፋውም ይኸው ስጋት ነው፤ ስጋቱም ተገቢ ነው።

ውሉን ከማየታችን በፊት ዋስትናውን የሚሰጠው ማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። አምራች ፋብሪካ የሚሰጠው ዋስትና በአብዛኛው የሚሠራው መኪናው እንዲሸጥበት በታሰበው ገበያ ውስጥ ነው። በመንገዶቻችን ላይ የምናያቸው በርካታ የኤሌክትሪክ መኪኖች ለቻይና ገበያ ተመርተው በነጋዴዎች በኩል የገቡ ናቸው፤ ለምሳሌ ቮልስዋገን አይዲ 6 የተሠራው ለቻይና ገበያ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ መኪና የሚገዛ ሰው በማስታወቂያ ላይ የሚነበበው የ8 ዓመት የባትሪ ዋስትና አብሮት እንደመጣ አድርጎ ሊያስብ አይገባም። በእጁ የሚገባው ዋስትና አስመጪው ራሱ ፈርሞ የሚሰጠው ብቻ ነው፤ ጥንካሬውም የአስመጪው ጥንካሬ ያህል ነው። የእኔም ውል የዚህ ዓይነት በመሆኑ የፋብሪካው ፊርማ የለበትም።

የውሉ ይዘት በአጭሩ የሚከተለው ነው። ለባትሪው በዓለም ገበያ የተለመደው 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር፣ ቀድሞ በደረሰው፣ ተሰጥቶታል፤ ባትሪው በዚህ ዘመን ውስጥ ከመጀመሪያ አቅሙ ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ድርጅቱ ይጠግናል ወይም ይተካል ይላል። የቀሩት ክፍሎች ለሁለት ዓመት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተሸፍነዋል። እኔ 90 ሺህ ብር ጨምሬ የገዛሁት ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ዓመታት ሲሆን ድርጅቱ በእነዚህ ሦስት ዓመታት ውስጥ የሚከፍለው የጥገና ወጪ በጠቅላላው ከ400 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተቀምጦለታል።

በመጀመሪያ መመስገን ያለበትን ላመስግን። የተራዘመው ዘመን በተጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ መኪናው ቤት ውስጥ ቻርጅ መቀበል አቆመ። ጥፋቱ የተገኘው ከግድግዳው የሚመጣውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ባትሪው ወደሚቀበለው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ በሚቀይረው፣ በመኪናው ውስጥ በተገጠመው ቻርጀር ላይ ነበር። ዕቃው ውድ ነው፤ ገበያ ላይ በቀላሉ አይገኝም። ድርጅቱ ዕቃውንም የእጅ ዋጋውንም ሳያስከፍል ቀየረልኝ፤ በዚህ አንድ ጥገና ብቻ የከፈልኩት 90 ሺህ ብር ተመልሷል ብል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ ጥያቄዬ ተቀባይነት ያገኘበትን መንገድ በዝርዝር መናገር ይገባኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ውሉ በመብራት መዋዠቅ የሚደርስን ጉዳት አይሸፍንም። በእኛ ከተማ መብራት ሄዶ በሚመለስበት ቅጽበት ኃይሉ ምን ያህል ከፍ ዝቅ እንደሚል የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ ቻርጀር በተቃጠለ ቁጥር አስመጪው «መዋዠቁ ነው» ሊል የሚችልበት በር ተከፍቶለታል ማለት ነው። ከእኔም የተጠየቀው መጀመሪያ ይህ ነበር። ያዳነኝ የኤሌክትሪክ ባለሙያው ሥራ ነው፤ መኪናው ቤት ሲገባ ለቻርጁ ብቻ ከቆጣሪው ሥር የተለየ መስመር በወፍራም ሽቦ ስቦ፣ የራሱን ብሬከር አስገብቶ፣ ግራውንዱን ቀብሮ፣ ኃይሉ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ የሚቆርጥ መከላከያ ገጥሞ ነበር። ደረሰኙና ሥራው ሲሠራ የተነሡት ፎቶዎች በስልኬ ላይ ስለነበሩ ላክኋቸው፤ ክርክሩም በዚያው ተዘጋ። እነዚህ ማስረጃዎች ባይኖሩ ኖሮ የጥገናው ወጪ በእኔ ላይ ይወድቅ እንደነበር ከንግግራቸው መረዳት አስቸጋሪ አልነበረም። መኪና ቤቱ የሚያስገባ ሰው ሁሉ የኤሌክትሪክ ባለሙያውን ደረሰኝ ከሊብሬው ጋር አብሮ ቢያስቀምጥ እመክራለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ውድቅ ተደርጓል፤ የውሉ ዋና ድክመት የተገለጠልኝም በዚህ ጊዜ ነው። የደሴ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ዳገትና ቁልቁለት የበዛባቸው ኮብልስቶኖች ናቸው፤ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ወለሉ ሥር በተዘረጋው ባትሪ ምክንያት በመጠን ከሚመስለው የቤንዚን መኪና በብዙ ኪሎ ይከብዳል። ይህ ሁሉ ክብደት በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ የሚያርፈው በእግሩ ጎሚኒዎች (በብረቶቹ መጋጠሚያ በሚገቡት ጎማዎች)፣ በቴስቲናዎቹ (በእግሩና በመሪው ተንቀሳቃሽ መጋጠሚያዎች) እና በሾኮቹ (በንዝረት አብራጆቹ) ላይ ነው። ከፊት በኩል መንኳኳት ሲጀምር ኮምቦልቻ የሚገኝ አንድ ጋራዥ ወስጄ አሳየሁት። መካኒኩ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ፣ በብረት ዘንግ የታችኛውን ክንድ ገፋ ሲያደርገው ጎሚኒው እስከ መሃሉ ተሰንጥቆ ታየ፤ ጣቱን ስንጥቁ ውስጥ ከትቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄ የመኪናው ጥፋት አይደለም፤ ክብደቱና መንገዱ ናቸው። ቤንዚን ቢሆን ኖሮ ገና ብዙ ይሄድልዎት ነበር» አለኝ። ፎቶውን አያይዤ ለድርጅቱ በላክሁ ጊዜ የተሰጠኝ መልስ ጎሚኒ፣ ቴስቲና፣ ሾክ፣ የፍሬን ሸራ፣ ጎማና ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ በአገልግሎት የሚያልቁ ዕቃዎች ስለሆኑ ከሽፋኑ ውጪ ናቸው የሚል ነው።

መልሱ ከውሉ ጋር ይስማማል። ዝርዝሩ በውሉ መጨረሻ ገጽ ላይ ከሌላው ጽሑፍ ባነሱ ፊደላት ታትሟል። የፍሬን ሸራና ጎማ በየትኛውም አገር ዋስትና እንደማይሸፈኑ አውቃለሁ፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም። እንዲያውም በኤሌክትሪክ መኪና የደሴን ቁልቁለት ስንወርድ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ጉልበቱን ወደ ባትሪው ስለሚመልስ የፍሬን ሸራ የሚበላው በጥቂቱ ነው፤ በቤንዚን መኪና በሁለተኛ ማርሽ ይዘን የምንወርደውን ቁልቁለት ይህ መኪና እያተረፈ ይወርደዋል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። አንድ ድርጅት ለደሴ ሰው የጥገና ወጪ ጥበቃ ብሎ ሲሸጥ፣ በደሴ መንገድ ላይ አስቀድሞ እንደሚበላሽ የሚታወቀውን የእግር ክፍል በሙሉ አውጥቶ የሚበላሽበት ዕድል አነስተኛ የሆነውን ብቻ ከሸፈነ፣ ገዢው ከወጪ የተጠበቀው በከፊል ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፤ እንደ ቤንዚን ሞተር በየጊዜው የሚቀየር የሞተር ኦይልና ፊልትሮ፣ ፍሪሲዮንም የለውም። ስለዚህ ሻጩ «ሞተሩን ሙሉ በሙሉ እንሸፍናለን» ሲል የሚሰጠው ነገር ሲሰማ የሚመስለውን ያህል ትልቅ አይደለም። ጎሚኒና ቴስቲና ቢያንስ እስከ ተወሰነ ኪሎ ሜትር ድረስ እንዲካተቱ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የዚህን ቃል በጽሑፍ የሚሰጥ ሻጭ ከተገኘ ለእኛ መንገድ ከሌሎቹ ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የሰርቪሱ አንቀጽ ነው። በውሉ መሠረት መኪናው በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየዓመቱ፣ ቀድሞ በደረሰው፣ ድርጅቱ በፈቀደው ጋራዥ ሰርቪስ ካልተደረገ ዋስትናው ይፈርሳል፤ የተፈቀደው ጋራዥ ደግሞ አዲስ አበባ ብቻ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱ 800 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ማለት በሁለት ሰርቪሶች መካከል መኪናው ከሚሄደው 10,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ 800ው ለሰርቪሱ ጉዞ ብቻ ይውላል። መንገዱም ሜዳ አይደለም። በከሚሴና በአጣዬ በኩል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከዚያ በደብረ ሲና በኩል ተወጥቶ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደረሳል። ይህ ዳገት ባትሪውን እንዴት እንደሚበላው በመሪው ፊት ያለው የመቶኛ ቁጥር እየወረደ ያሳያል፤ በማስታወቂያ የተነገረውን ርቀት ተማምኖ ደሴን የሚለቅ ሰው ደብረ ብርሃን ላይ አድሮ ቻርጅ ማድረጉን አስቀድሞ ቢያስብበት ይሻለዋል። የአልጋ፣ የምግብና ከሥራ የመቅረት ወጪ ሲደመር የዋስትናው እውነተኛ ዋጋ ከ90 ሺህ ብር እጅግ ከፍ ያለ ነው።

በዚያ ሁሉ ርቀት የሚከናወነው ሥራ ደግሞ ቀላል ነው። የፍሬን ዘይት ይታያል፤ የባትሪው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ይለካል፤ የአየር ማጣሪያው ይለወጣል፤ ጎማዎቹ ይዟዟራሉ፤ ከዚያ ኮምፒውተር ተሰክቶ የተመዘገበ ጥፋት መኖር አለመኖሩ ይነበባል። ከመጨረሻው በቀር ሁሉንም የኮምቦልቻ ጋራዦች አሳምረው ይሠሩታል። በአሜሪካ በ1975 እ.ኤ.አ. በወጣው የዋስትና ሕግ መሠረት አምራቹ ሰርቪሱን በነፃ እስካልሰጠ ድረስ መኪናው በሌላ ጋራዥ ሰርቪስ ስለተደረገ ብቻ ዋስትናውን ማፍረስ አይችልም፤ ጥፋቱን ያመጣው ያ ሥራ መሆኑን ማሳየት ይጠበቅበታል። እዚህ ያለን ገዢዎች ተመሳሳይ ጥበቃ የምናገኘው በውሉ ላይ ካስጻፍነው ብቻ ነው።

መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ምን እንደሚሆንም ውሉ መልስ የለውም። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በጸጥታ ምክንያት ለጉዞ የማይመችበት ወቅት እንዳለ ሻጩም ገዢውም ያውቃሉ። ውሉ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ሲያጋጥም ድርጅቱ ለሚዘገይበት ሥራ ተጠያቂ እንደማይሆን ይገልጻል፤ ደንበኛው በዚያው ምክንያት ሰርቪሱ ቢያልፍበት ግን ዋስትናው እንደሚጸናለት የሚናገር አንድ መስመር የለውም። ለአንዱ ወገን ምክንያት የሆነው ነገር ለሌላውም ምክንያት ሊሆን ይገባል። አዲስ ውል የምትፈርሙ ሁሉ ይህን አንቀጽ ለሁለቱም ወገን እንዲሠራ አድርጋችሁ አስተካክሉ፤ የሻጩ የሕግ ክፍል እምቢ የሚልበት በቂ ምክንያት ሊኖረው አይችልም።

መኪናው ተበላሽቶ መንቀሳቀስ ቢያቅተው ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የኤሌክትሪክ መኪናን ሞተሩ የሚያሽከረክራቸው ጎማዎች መሬት እየነኩ መጎተት ስለማይመከር ሙሉ በሙሉ በሌላ መኪና ላይ ተጭኖ መሄድ አለበት። ከደሴ እስከ አዲስ አበባ የሚያስከፍለው የጭነት ዋጋ ከባድ ነው፤ ውሉም የሚከፍለው ከአዲስ አበባ በ50 ኪሎ ሜትር ውስጥ ላለ ርቀት ብቻ ነው። እንግዲህ የእኔ መኪና በሕይወት ዘመኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ከዚህ ክልል ውጪ ነው።

የብር ጣሪያውንም በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። 400 ሺህ ብር ውሉ ሲፈረም ከ7,000 ዶላር በላይ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ዛሬ ያው ጣሪያ ከ4,000 ዶላር ያነሰ ነው። መለዋወጫው የሚመጣው በዶላር ስለሆነ ድርጅቱ ቃሉን ሳያጥፍ ሽፋኑ ብቻውን ከግማሽ በታች ወርዷል። ጣሪያው በገንዘብ መጠን ሳይሆን በዕቃ ዓይነት ቢቀመጥ፣ ማለትም እነዚህ ዕቃዎች ዋጋቸው ምንም ይሁን ምን ይቀየራሉ ቢባል፣ ገዢው በእርግጥ ከዋጋ ንረት ይጠበቃል።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ውል ከኢንሹራንስ ጋር እያምታቱ ሲናገሩ ስለሰማሁ ጥቂት ልጨምር። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን መኪናችን በሌላው ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው፤ ሙሉ ኢንሹራንስ ደግሞ ግጭትን፣ እሳትንና ስርቆትን ይሸፍናል። ሁለቱም በራሱ ጊዜ ለተበላሸ ቻርጀር አይከፍሉም። በሌላ በኩል ኢንሹራንስ ኩባንያ በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር ስለሆነ ካሳ ለመክፈል የሚያስችል መጠባበቂያ እንዲይዝ ይገደዳል፤ የአስመጪ ዋስትና ግን የአንድ ነጋዴ ተስፋ በመሆኑ ድርጅቱ ቢዘጋ ከወረቀቱ በስተጀርባ የሚቆም የለም። በውሉ ላይ ባይጻፍም ሕጉ የሚሰጠን መብት እንዳለ ደግሞ አይዘንጋ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ያገኘ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ በዕቃው ላይ ስላለ ጉድለት ተጠያቂ የሚሆንበትን ሁኔታ ይደነግጋል። አሥራ አምስት ቀን አጭር ጊዜ ስለሆነ መኪናውን እንደተረከቡ በቶሎ ቁልቁለትና ዳገት ላይ መፈተን፣ የባትሪውንም የጤና መቶኛ፣ ማለትም ከመጀመሪያ አቅሙ ምን ያህሉ እንዳለ፣ በኮምፒውተር አስነብቦ ማኅተም ያለበት ወረቀት መቀበል ያስፈልጋል። ይህ ወረቀት ከሌለ ከዓመታት በኋላ ባትሪው ከ70 በመቶ በታች ወረደ ብሎ መከራከር መነሻ የሌለው ክርክር ይሆናል።

ፍርዴ እንግዲህ ይህ ነው። ያለ ተጨማሪ ክፍያ የተሰጠው የ8 ዓመት የባትሪ ዋስትና የሰርቪሱን ጉዞ ታግሦ ሊጠበቅ የሚገባው ነው፤ እኔም እጠብቀዋለሁ። በገንዘብ የገዛሁት የሦስት ዓመት ተጨማሪ ሽፋን ግን ለአዲስ አበባ ነዋሪ ጥሩ፣ ለአዳማና ለደብረ ብርሃን ነዋሪ ደህና፣ ለእኛ ደግሞ አሁን ባለበት ሁኔታ ደካማ ነው፤ ከአምስት ሁለት እሰጠዋለሁ፤ ሁለቱንም ያገኘው ስለ ቻርጀሩ ነው። ይህን መኪና ዛሬ የምገዛ ብሆን ኖሮ 90 ሺህ ብሩን ለጎሚኒ፣ ለሾክና ለቴስቲና በባንክ አስቀምጬ ባትሪውን ብቻ በዋስትናው ሥር እተወው ነበር።

ለድርጅቱ በጻፍኩት ደብዳቤ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ጋራዥ እንዲፈቅድ ጠይቄ ነበር። የተሰጠኝ መልስ ለአንድ ደንበኛ ጋራዥ መፍቀድ እንደማይቻል፣ ሆኖም በአካባቢው በቂ መኪኖች ከተመዘገቡ ኮምፒውተሩን የያዘ ባለሙያ በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ኮምቦልቻ እንደሚላክ ነው። ይህ መልስ በጽሑፍ ስለተሰጠኝ ቁም ነገር አድርጌ ይዤዋለሁ። በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅም ሆነ በባቲ ያላችሁ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች ሁሉ ከገዛችሁበት አስመጪ ተመሳሳይ ጥያቄ በደብዳቤ አቅርቡ፤ ስታቀርቡም ባለሙያው እዚህ የሚሠራው ሰርቪስ በሰርቪስ ደብተሩ ላይ ማኅተም እንዲያርፍበትና አዲስ አበባ ከሚሠራው እኩል እንዲጸና ጨምራችሁ ጠይቁ።